ሌንስ የሚወለውለው ዱቄት

የካሜራ ወይም የማይክሮስኮፕ ሌንስ ተቆርጦና ተሞርዶ ቅርጹን ሲይዝ ገና ድፍርስ ነው፤ በወዲያኛው በኩል ያለው ነገር አይለይም። ጥርት የሚያደርገው የመጨረሻው ውልወላ ነው። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1704 ባሳተመው «ኦፕቲክስ» መስተዋቱን በቅጥራንና በቆርቆሮ ኦክሳይድ እንዴት እንደወለወለ ጽፏል። ከዚያ በኋላ እጅ የሚያቀላው የብረት ኦክሳይድ ለረጅም ዘመን ነገሠ። ዛሬ አብዛኛውን ሥራ የያዘው ሴሪየም ኦክሳይድ ነው።

ሴሪየም «ብርቅዬ የምድር ማዕድናት» ከሚባሉት ወገን ይሁን እንጂ በምድር ቅርፊት ውስጥ ከመዳብ ብዙም አያንስም። በካሊፎርኒያው ማውንቴን ፓስና በቻይናው ባያን ኦቦ ባስትኔሳይት ከሚባል ማዕድን ይወጣል።

የሴሪየም ኦክሳይድ ጥንካሬ ከመስታወት እምብዛም አይበልጥም። ታዲያ እንዴት ይልገዋል? ውሃ የመስታወቱን ገጽ በስሱ ያላላል፤ የሴሪየም ቅንጣት ከላላው ሲሊካ ጋር ለቅጽበት ይያያዝና ይዞት ይሄዳል። ተመራማሪው ሊ ኩክ በ1990 ይህን ጠባይ የ«ኬሚካል ጥርስ» ብሎታል። በውሃው ፋንታ ዘይት ቢገባ ውልወላው ከሞላ ጎደል ይቆማል።

የዱቄቱ ዕጣ የሚወሰነው እቶን ውስጥ ነው። ማዕድኑ በአሲድ ሟሙቶ ከተለየ በኋላ ካርቦኔት ሆኖ ይዘቅጣል፤ ከዚያ ወደ 1000 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚጠጋ ሙቀት ይቃጠላል። ሙቀቱ ካነሰ ቅንጣቱ ልል ይሆንና ሥራው ይጓተታል፤ ከበዛ ደግሞ ቅንጣቶቹ ተጋግረው ይጠጥራሉ፣ መስታወቱንም ይጭራሉ። ላንታነም ያለበት ዱቄት ሌላ ጣጣ አለው፦ ውሃ ሲነካው ያብጣል። ስለዚህ ቀድሞ ፍሎሪን ይሰጠዋል። ከዚያ ይፈጫል፣ በመጠን ይለያል፤ የብዙዎቹ ዱቄቶች ቅንጣት አንድ ሁለት ማይክሮን ብቻ ነው።

ፈተናው በሚዛን ይጀምራል። ዲያሜትሩ 50 ሚሊሜትር የሆነ ተራ የኦፕቲክስ መስታወት ተመዝኖ ለተወሰነ ደቂቃ ይወለወላል፤ ታጥቦና ደርቆ እንደገና ይመዘናል። ክብደቱ በ49 ሚሊግራም ከቀነሰ ከአንዱ ፊቱ ወደ 10 ማይክሮን ተነሥቷል ማለት ነው። የፍጥነቱ ጉዳይ ይኸው ነው፤ ይበልጥ ዓይን የሚያስጨንቀው ቀጥሎ ያለው ነው። መስታወቱ ጨለማ ክፍል ገብቶ ከጎን ብርቱ መብራት ሲበራበት፣ በቀን ብርሃን የማይታይ ጭረት እንደ ነጭ ክር ብቅ ይላል። አንድ የተጋገረ ቅንጣት የስንት ሰዓት ልፋት ገደል ይከታል!

ቻይና በ2010 ወደ ውጭ የምትልከውን ስትቀንስ የሴሪየም ዋጋ በብዙ እጥፍ ናረ። ፋብሪካዎችም ቀድሞ ያፈሱት የነበረውን ጭቃ ማጣራት ጀመሩ። ሆኖም ያገለገለ ዱቄት የመስታወት ብናኝ ይቀላቀልበታል፣ ቅንጣቱም ይደቅቃል፤ ስለዚህ ዳግመኛ ሌንስ ከመንካቱ በፊት ያው ሚዛንና ያው ጨለማ ክፍል ይጠብቁታል።