ሰኔ ላይ ገራዡ የማይነግራችሁ

ከእኔ ሰማን እንዳትሉ እንጂ፣ ሚያዝያ ላይ የትራክተር ገራዥ ደጃፍ ጭር ይላል። መካኒኩ ዳማ ይጫወታል፣ ረዳቱ ያረጀ ኩሽኔታ በናፍጣ ያጥባል። ሰኔ ሲገባ እዚያው ደጃፍ ላይ መቆሚያ ይጠፋል። በአርሲ ደጋ ስንዴ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ መሬት ካልገባ ዓመቱ እንደተበላ ይቆጠራል። ይህን ባለ ትራክተሩ ያውቃል፤ መካኒኩም ያውቃል፤ መለዋወጫ ሻጩ ደግሞ ከሁለቱም አብልጦ ያውቃል።

አርሲ ትራክተር ያየችው ትናንት አይደለም። በስዊድን ድጋፍ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፣ ሥራ የጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 ነው። ያኔ ትራክተር የገዛ ባለመሬት ጭሰኛውን ከመሬቱ ያስነሳ ነበር፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አብሮን የኖረ መኪና ግን ዛሬም ለክረምት የሚዘጋጀው ዝናቡ ጣራ ላይ ሲያንኳኳ ነው። እኛም አንከፋም፤ ገበያ ነው።

ሰኔ ላይ ማንም ቁጭ ብሎ አይጠግንም፤ ይቀይራል። የውሃ ፖምፓ በአንዲት ላስቲክ ምክንያት ሲያንጠባጥብ፣ ሚያዝያ ላይ ፈትተን ላስቲኳን ብቻ እንተካለን። ሰኔ ላይ ግን "ኦቦ፣ ፖምፓው በሙሉ መቀየር አለበት" እንላለን። ውሸት አይደለም፤ በአዲስ ፖምፓም ይሠራል። የናፍጣ ፖምፓ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የማስተካከያው ማሽን ያለው ትልልቅ ከተማ ስለሆነ፣ የእናንተ ፖምፓ በአይሱዙ ተጭኖ ሄዶ ወረፋ ይይዛል፣ ማሳው ይጠብቃል። ፊልትሮም እንዲሁ ነው። ኦሪጅናሉ ከመደርደሪያ ሲያልቅ ኮፒው በኦሪጅናል ዋጋ ይወጣል። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ከአዲሱ ጎን አስቀምጡት፤ የወረቀቱ እጥፋት ከሳሳና ሙጫው ከተዝረከረከ መልሱለት። ሻጩ አይከራከራችሁም፤ ለሚቀጥለው ይሸጠዋል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ሐምሌ ላይ ተጎትተው ከሚመጡልን ትራክተሮች ብዙዎቹን ያቆማቸው ውሃ ነው። ባለቤቱ "ድንገት ቆመ" ይላል። ድንገት የቆመ ትራክተር ግን ብዙ አላየሁም።

በርሜሉን ተመልከቱ። ሁለት መቶ ሊትር ናፍጣ የያዘ በርሜል ግቢ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይከርማል። ዝናብ ሲዘንብ የላይኛው ጠርዝ ውሃ ይይዛል፣ የክዳኑ ጥርስ ከውሃ በታች ይሆናል። ቀን በፀሐይ የሞቀው ናፍጣና አየር ማታ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና በክዳኑ ዙሪያ ያለውን ውሃ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ክዳኑ ጠብቆ ተዘግቷል ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታች ይቀመጣል፣ በሁለቱ መካከልም ቡናማ ዝልግልግ ነገር ይበቅላል፤ ሕይወት ያለው ነው፣ ፊልትሮ የሚደፍነውም እሱ ነው። መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም። በርሜሉን አጋድሙት፤ ሁለቱ ክዳኖች ግራና ቀኝ እኩል መስመር ላይ ይሁኑ፣ ከሥሩ እንጨት አድርጉለት፣ በላዩ ቆርቆሮ ጣል አድርጉበት። ከመቅዳታችሁ በፊት ሌሊቱን ሳይነካ ይደር፣ የመጨረሻውን ቅሪት ወደ ትራክተር አታስገቡ። ከተጠራጠራችሁ በሃይላንድ ጠርሙስ ትንሽ ቅዱና ጠረጴዛ ላይ አቁሙት፤ ውሃ ካለ ታች መስመር ሠርቶ ይታያችኋል። ማታ ሥራ ሲያልቅ ደግሞ ታንከሩን ሙሉት። ባዶ ታንከር ሌሊት ግድግዳው ላይ ጤዛ ይይዛል፣ ጤዛው ጠዋት ናፍጣው ውስጥ ነው።

የጭስ ማውጫው ላይ የወተት ዱቄት ጣሳ የሚደፋ ሰው ካያችሁ አትሳቁ። ወደ ሰማይ የቆመ የጭስ ማውጫ ክዳኑ ከተሰበረ ዝናቡ ቀጥታ ወደ ሞተሩ ይወርዳል፣ ቫልቩ ክፍት የሆነበት ሲሊንደር ውስጥም ይጠራቀማል። ውሃ አይጨመቅም። ጠዋት ሹፌሩ ቁልፍ ሲያዞር ሞተሪኖው "ጥቅ" ብሎ ይቆማል፤ ሹፌሩ ባትሪ ደከመ ብሎ ያስጎትተዋል፣ ያኔ ቢዬላው ይጎብጣል። ይህንን ጥገና ሐምሌ ላይ ስንት እንደምንጠይቅበት እዚህ አልጽፍም። ጣሳው ግን ነጻ ነው።

ስለ አየር ፊልትሮ የሚባለው ብዙ ስለሆነ አንዷን ብቻ ልንገራችሁ። በጋውን ሙሉ አቧራ የጠጣ ፊልትሮ በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች እርጥበት ሲያገኝ አቧራው ወደ ጭቃ ይለወጣል። ሞተሩ ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ሹፌሩ ናፍጣውን ይረግማል። ጎማ ላይ እየመታችሁ አታራግፉት፤ ወረቀቱ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ በኋላ አፈሩን ሞተሩ ራሱ ይበላዋል።

ራዲያተር ላይ የቧንቧ ውሃ የምትሞሉ ሰዎች፣ አሰላ በረዶ የለም ብላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ኩላንቱ ግን ለበረዶ ብቻ አይደለም። በ2,400 ሜትር ከፍታ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ጭቃ ላይ ከባድ ማረሻ የሚጎትት ሞተር ደግሞ እዚያ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። የሚያድናችሁ ግፊት የሚይዘው ክዳንና ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት ነው፤ ውስጡን ከዝገትም ይጠብቀዋል። ቴስታታ ከተቃጠለባቸው ትራክተሮች ስንቱ ላይ የክዳኑ ላስቲክ ደርቆ እንዳገኘን ብነግራችሁ ክዳኑን ዛሬውኑ ትቀይሩት ነበር።

ግራሶ የሚሞላው ማታ ነው። ሹፌሮች ጠዋት ይሞላሉ፣ ወይም ሞላሁ ይላሉ፤ በሄክታር የሚከፈለው ሹፌር ለግራሶ ፓምፕ ጊዜ የለውም። ማታ መጋጠሚያው ገና ሙቅ ሳለ አዲሱ ግራሶ ሲገባ ቀን የገባውን ጭቃና ውሃ ገፍቶ ያወጣል። ጠዋት ስትሞሉ ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ኩሽኔታውን ሲበላ አድሯል። የዲስክ ማረሻ ኩሽኔታ ላይ ልዩነቱ በአንድ ክረምት ይታያል።

አንድ ነገር ደግሞ ድምፄን ሳልቀንስ ልበል፣ ምክንያቱም ሰው ስለሚሞትበት ነው። ጥቁር አፈር ላይ የተቀረቀረን ትራክተር ሌላው በሰንሰለት ሲያወጣ፣ ሰንሰለቱ የሚታሰረው ከሚጎትተው ትራክተር የኋላ አክስል በታች ባለው መጎተቻ ላይ ብቻ ነው። ከፍ ብሎ በላይኛው የማረሻ ማሰሪያ ላይ ወይም በአክስሉ ላይ ካሰራችሁት፣ ጎማው መሬት ሲቆነጥጥ የፊቱ ይነሳና ትራክተሩ ወደ ኋላ ሹፌሩ ላይ ይገለበጣል። የሚፈጀው ሰከንድ ነው። ጭቃው ከያዛችሁ ማረሻውን ፍቱ፣ መጀመሪያ ያለማረሻ ይውጣ።

ኮምባይነር ከትራክተሩ ተቃራኒ ነው፤ ክረምቱን ይተኛል። ቢያንስ አርሲ ላይ። ባሌ የበልጉ ሰብል ሐምሌና ነሐሴ ላይ ስለሚደርስ እዚያ ያለው ኮምባይነር እረፍት አያውቅም፤ ባለቤቶቹም በዝናብ መካከል ማጨድን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። የሚተኛው ኮምባይነር ግን ከታኅሣሥ አጨዳ የቀረ ስንዴ ሆዱ ውስጥ ይዞ ይተኛል። አሳንሰሩ ውስጥ የቀረው እህል ሰኔ ላይ ይበቅላል፣ አይጥ ይጠራል፣ አይጧም ከእህሉ በኋላ ወደ ኤሌክትሪክ ሽቦው ታልፋለች። መስኮቶቹን ሁሉ ከፍታችሁ ባዶውን አሽከርክሩት፣ በአየር ንፉት፣ ቺንጊያዎቹን አላሉ፣ ሰንሰለቶቹን ዘይት ቀቡ። ባትሪውን አውጥታችሁ ቤት አስገቡ። ሙሉ የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ከ12.4 በታች ሳይወርድ መልሳችሁ ቻርጅ ካላደረጋችሁት መስከረም ላይ አዲስ ትገዛላችሁ፣ እኛም ደስ ብሎን እንሸጥላችኋለን።

የቤቱ ዕቃ ወደ እኛ የሚመጣው ከትራክተሩ ጋር ተጭኖ ነው። ሐምሌ ላይ መብራት ሲጠፋ ሰው ጄነሬተሩን ያስታውሳል። ገመዱን ይጎትታል፣ ይጎትታል፣ ከዚያ ካንዴላ ይቀይራል። ካንዴላው ምንም አልሆነም፤ ከጥምቀት ጀምሮ ካርቡራተሩ ውስጥ የተቀመጠው ቤንዚን ወደ ሙጫነት ተለውጧል። ስታስቀምጡት የቤንዚኑን መዝጊያ ዘግታችሁ ራሱ እስኪጠፋ ድረስ አስነሱት፣ በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ አሠሩት። ዝናብ እንዳይመታው ብላችሁ ግን ወደ ኩሽና ወይም ወደ ኮሪደር አታስገቡት። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ ይመስላል። በር ተዘግቶ የሚያድር የከሰል ማንደጃም ያው ነው፤ ብርድ ቢሆንም ከሰሉ ውጭ ይደር።

የጀርባ መርጫውን ሰው የሚያስታውሰው ነሐሴ ላይ ነው፣ ቅጠሉ ላይ ቢጫ ዱቄት ሲያይ። ዋግ እንደማይጠብቅ አርሲና ባሌ አይተዋል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዝርያ፣ በ2013 መጨረሻ ላይ ደግሞ የግንድ ዋግ ዲገሉ የተባለውን ሲያጠፋ መርጫ የያዘና ያልያዘ ሰው ማሳ በሩቁ ይለይ ነበር። መርጫ በበጋ ሲቀመጥ የውስጥ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ባለፈው ዓመት ያልታጠበው መድኃኒትም አፍንጫው ውስጥ ይደድራል። ግንቦት ላይ በንጹሕ ውሃ ሞልታችሁ ደረቅ መሬት ላይ ርጩት፤ እርጥበቱ እኩል ካልሆነ አፍንጫውን ቀይሩ። ስትገዙ ለምን እንደሆነ ተናገሩ፤ ለአረም የሚሆነው ጠፍጣፋ የሚረጨው ነው፣ ለዋግ ደግሞ በጀርባ መርጫ ክብ ጭጋግ የሚያደርገው ይሻላል። ነሐሴ ላይ ሮጦ ለሚመጣ ሰው ሁለቱም ላይኖሩን ይችላሉ፤ የምንሸጥለት ያለንን ነው።