ስለ ሕፃን የልደት ቀንና ስለ ዕድገቱ

በደጋው ጎጃም፥ ከደብረ ማርቆስ አንሥቶ እስከ ጮቄ ተራራ ግርጌ ባለው አገር፥ አንዲት እናት ልጅሽ መቼ ተወለደ ተብላ ብትጠየቅ፥ «ጤፍ ሲታጨድ፥ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው» ብላ ትመልሳለች። እንግዲህ ቀኑ ኅዳር 13 መሆኑ ታወቀ፤ ከመዝገብ ያነሰ ምስክርነት አይደለም። ዓመቱን ስትጠየቅ ግን «ሁለት ቢሆነው ነው፤ ሦስትም ይሆናል» ትላለች።

የዚህ ምክንያቱ ግልጥ ነው። በአገራችን ልማድ ቤተ ዘመድ የሚሰበሰበው ልጁ ክርስትና በሚነሣበት ቀን ነው እንጂ በተወለደበት ቀን አይደለም፤ ወንዱ በ40፥ ሴቷም በ80 ቀን ይጠመቃሉ። ከዚያ በኋላ ዓመት በመጣ ቍጥር ልደቱን የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። እኛም ድግስ ይደገስ ብለን ይህን አልጻፍንም፤ ድግስ ባይደገስለት ልጁ አይጐዳም። ዓመቱ ሲጠፋበት ግን ይጐዳል።

ጕዳቱን በቍጥር እናስረዳ። የዓለም የጤና ድርጅት በብራዚል፥ በጋና፥ በህንድ፥ በኖርዌይ፥ በኦማንና በአሜሪካ ሕፃናትን አስለክቶ በ1998 ዓ.ም. የዕድገት መለኪያ አወጣ። ከዚህም ሥራ የተገኘው ትምህርት፥ በሚገባ የተመገበና ጤና ያለው ሕፃን በየትኛውም አገር ቢወለድ እስከ 5 ዓመቱ ድረስ ዕድገቱ ተቀራራቢ መሆኑ ነው። በዚህ መለኪያ የወንድ ልጅ መካከለኛ ቁመት በ2 ዓመቱ 87 ሴንቲ ሜትር፥ በ3 ዓመቱ 96፥ በ4 ዓመቱ 103፥ በ5 ዓመቱም 110 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሴት ልጅ ከዚህ የምታንሰው በጥቂት ብቻ ነው። አሁን ከላይ ያነሣነው የኅዳር ሚካኤል ልጅ ተለክቶ 87 ሴንቲ ሜትር ተገኘ እንበል። ዕድሜው 2 ዓመት ከሆነ ደኅና አድጓል። 3 ዓመት ከሆነው ግን ቀንጭሯል፤ በዚያ ዕድሜ ወንድ ልጅ ከ89 ሴንቲ ሜትር ግድም በታች ከሆነ ቀንጫራ ይባላልና። ልጁ ያው ነው፥ ቁመቱም ያው ነው፤ የተረሳው አንድ ዓመት ብቻ ጕዳቱን ሸሸገው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 46ቱ ቀንጭረው ተገኝተዋል። ሰው ግን «አባቱም አጭር ነው» እያለ ያልፈዋል፤ አባቱንስ ማን አሳጠረው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

መቀንጨር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ልጁ 2 ዓመት ሳይሞላው ነው፤ ከዚያ በኋላ ማቃናቱ አስቸጋሪ ነው። 6 ወር የሞላው ሕፃን የእናቱ ጡት ብቻውን አይበቃውም። ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም፤ የባቄላ ወይም የአተር ዱቄት የተጨመረበት ወፈር ያለ ገንፎ፥ ወተትና እንቍላል ያስፈልገዋል። ዶሮዋ በደጅ ሳለች እንቍላሏ ለጨውና ለሳሙና መግዣ ወደ ገበያ ይሄዳል። በቤተ ክርስቲያን ልማድ ከ7 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ጾም አይገደድም፤ ነገር ግን በዐቢይ ጾም በ55ቱ ቀን፥ በረቡዕና በዓርብም፥ ዕቃው ይነካል ተብሎ ለሕፃኑ ወተት ሳይፈላለት ይቀራል። አንዲት ድስትና አንድ ጣባ ለብቻው ቢለዩለት ነገሩ ያልቅ ነበር። በዚህ ጉዳይ ከመምህሩ ቃል ይልቅ የሽማግሌውና የንስሓ አባቱ ቃል ይሰማል።

የጠፋውን ዓመት ለማግኘት ግን ጥበቡ በእጃችን አለ። እናቲቱን «ዘመነ ማን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው። 2014 ዓ.ም. ዘመነ ማርቆስ፥ 2015 ዘመነ ሉቃስ፥ 2016 ዘመነ ዮሐንስ፥ 2017 ዘመነ ማቴዎስ ነበረ፤ አንዱ ወንጌላዊ ተመልሶ የሚመጣው በ4 ዓመት ስለ ሆነ የ2 ዓመት ልጅ ከ3 ዓመት ልጅ ጋራ አይምታታም። (በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጕሜ 6 ቀን የተወለደ ልጅ ልደቱን በየ4 ዓመቱ ብቻ ቢያገኝ ዕድሜው አይቀንስም።) ወንጌላዊው ከተረሳ ያጠመቁትን ካህን መጠየቅ፥ ከወንዱ ክርስትና 39 ቀን፥ ከሴቷም 79 ቀን ወደ ኋላ መቍጠር ነው። የጤና ኬላው የክትባት ካርድም ከጠፋ ጽሑፍ ይልቅ ብዙ ይናገራል፤ በሣጥን ይቀመጥ።

በየትምህርት ቤቱ ልጁ እጁን በራሱ ላይ አሳልፎ የማዶ ጆሮውን እንዲነካ እየተደረገ ለትምህርት መድረሱ ይፈተን ነበር። ይህ ፈተና የቀነጨረውን ልጅ ሁለት ጊዜ ይበድለዋል፤ 8 ዓመት ሞልቶት እጁ ባይደርስ «ገና ነህ» ተብሎ ይመለሳልና። የሴቷ ልጅ ነገር ደግሞ በተቃራኒው ነው። የክልሉ የቤተ ሰብ ሕግ ጋብቻ ከ18 ዓመት በፊት እንዳይሆን ቢደነግግም፥ ወረቀት የሌላት የ13 ዓመት ልጅ «ደርሳለች» ስትባል የሚያስተባብል ማስረጃ አይገኝም።

በአዋጅ ቍጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ታዟል። የወንዱ 40 ቀንም ሆነ የሴቷ 80 ቀን ከዚህ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ክርስትና ሊያስነሡ የሚወጡ አባትና እናት በዚያው ሳምንት ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ቢያልፉ ሁለቱም ይፈጸማል። ቀኑ ያለፈበት ልጅም ዘግይቶ ሊመዘገብ ይችላል።