ተተኪ ፋርማሲስት ዋጋውን እንዴት ይቁረጥ?

በብሪታንያ ቋሚው ፋርማሲስት በሌለበት ቀን ተክተው የሚሠሩ ባለሙያዎች «ሎከም» ይባላሉ። ብዙዎቹ በግላቸው የሚሠሩ ስለሆኑ ዋጋቸውን ራሳቸው ይቆርጣሉ። ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው የቅጥር ሠራተኛን ደመወዝ በሰዓት አካፍለን ያንኑ ስንጠይቅ ነው።

እስኪ በምሳሌ እንየው። በዓመት 40,000 ፓውንድ የምንፈልግ ከሆነ፣ በ52 ሳምንትና በሳምንት 40 ሰዓት ስናካፍለው በሰዓት 19 ፓውንድ ገደማ ይሆናል። ቅጥር ሠራተኛ ግን በሕግ 5.6 ሳምንት የሚከፈልበት ዕረፍት አለው፤ በግሉ የሚሠራ ሎከም ካልሠራ አይከፈለውም። ዕረፍት፣ ሕመምና ሥራ የሚጠፋባቸው ቀናት ተቀንሰው 44 ሳምንት፣ በሳምንት 4 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ብንሠራ 1,408 ሰዓት ነው። ለሙያ ምዝገባ፣ ለመድንና ለጉዞ 4,000 ፓውንድ ስንጨምር በሰዓት 31.25 ፓውንድ ይመጣል። ግብሩ ገና አልተነሣም፤ እሱንም አሳውቀን የምንከፍለው እኛው ነን።

ይህ ከዚያ በታች መውረድ የሌለብንን ያሳየናል እንጂ ገበያውን አያዝዝም። ለሩቅ ቦታና ለድንገተኛ ጥሪ ጭማሪ መጠየቅ ተገቢ ነው። የምሳ ሰዓት ይከፈላል? ሥራው በዋዜማው ቢሰረዝስ? ሁሉንም አስቀድመን በጽሑፍ እንስማማ፤ ጠዋት ያልተነገረ ማታ ያጣላል።