የጽድ ክሽክሽ ቆጠራ

ዳባት ውስጥ ቆጠራ እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መረጃ ሰብሳቢዎች በተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደገባና ማን እንደወጣ ይመዘግባሉ። የደን ነፍሳትን ብዛት የሚያጠናው ሳይንስም የቆመው በእነዚሁ አራት ጥያቄዎች ላይ ነው፤ የተወለደውና የመጣው ይደመራል፣ የሞተውና የሄደው ይቀነሳል።

ነፍሳት ግን ተጠይቀው አይመልሱም። ስለዚህ አጥኚው ዛፎችን መርጦ ምልክት ያደርጋል፤ በየወሩ ወደ እነዚያው ዛፎች ይመለሳል። ከቅርንጫፉ ሥር ነጭ ጨርቅ ዘርግቶ በዱላ መታ መታ ያደርግና የረገፈውን ይቆጥራል። አንድ ቆጠራ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ዛሬ መቶ ክሽክሽ የተገኘበት ዛፍ ላይ ተባዩ እየበዛ ይሁን እየተመናመነ የሚያሳየው ቀጣዩ ነው።

የፈረንጅ ጽድ ክሽክሽን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ ውስጥ ታየ፤ በጥቂት ዓመታት ኬንያ ደረሰ፤ እኛም ዘንድ ገባ። የዛፉን ጭማቂ እየመጠጠ ቅርንጫፉን ያደርቃል፤ ሲብስ ዛፉን ይገድላል። ሴቶቹ ያለ ወንድ ስለሚወልዱ ቁጥራቸው በሳምንታት ውስጥ ይባዛል። የፈረንጁን ብቻ ሳይሆን በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የቆመውን የሐበሻ ጽድም ያጠቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። የፈረንጅ ጽድ እንደገና ቢተከል ቶሎ ይደርሳል፤ አያቶቻችን ያገኙትን የደብር ጽድ ግን በእኛ ዕድሜ መተካት አንችልም።

ክሽክሹ ያለ ልክ የማይበዛው ምግብ ስለሚያጥረው፣ ከባድ ዝናብ ስለሚያጥበውና ጠላት ስላለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከአውሮፓ መጥታ ማላዊ ላይ የተለቀቀች አንዲት ትንሽ ተርብ እንቁላሏን በክሽክሹ ሰውነት ውስጥ ትጥላለች፤ እጯ ከውስጥ በልታ ትጨርሰዋለች። ክሽክሹ ሲበዛ ተርቧም ትበዛለች፣ ነገር ግን ዘግይታ። ክሽክሹ ሲመናመን ተርቦቹ ይራባሉ፤ እነሱ ሲያልቁ ክሽክሹ ያንሰራራል። አጥኚዎች አጥብቀው የሚከታተሉት ይህን መዘግየት ነው።

እንዲህ ያለ መብዛትና መመናመን ለዘመናት ሊመላለስ ይችላል። በስዊዘርላንድ የእንጋዲን ሸለቆ የአንዲት የእሳት እራት አባጨጓሬዎች የላርች ዛፎችን በየ8 እስከ 10 ዓመቱ ያጠቁ ነበር። በግንዱ ውስጥ ያሉት የዕድሜ ቀለበቶች ይህ ዑደት ከ1,000 ዓመት በላይ መዝለቁን አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን ለረጅም ጊዜ ደበዘዘ፤ ተመራማሪዎች ከአየሩ መሞቅ ጋር ያያይዙታል።

ለእንዲህ ያለ ጥናት ከስሜን ተራሮች ግርጌ የተሻለ ቦታ አይታየኝም። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሊማሊሞን የወረደ በአንድ ማለዳ ቆላ ይገባል፤ ወደ ሳንቃ በር የወጣ አስታው መሃል ይገኛል። ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ነፍሳትም በብርድ ዝግ ብለው፣ በሙቀት ፈጥነው ያድጋሉ። ከዳባት እስከ ደባርቅ ባሉት አድባራት በየከፍታው ጥቂት ጽዶች ቢመረጡ፣ የመጀመሪያው ቆጠራ በበጋው፣ የክረምቱ ዝናብ ክሽክሹን ሳያጥበው ሊጀመር ይችላል።