እውነት ወይስ ተረት? ባለ አበባ ሴራሚክ ከጥግ ይጀመራል?

«ሴራሚክ ከጥግ ነው የሚጀመረው።» ተረት ነው፤ ያውም ብዙ የሚያምር ኪችን ያበላሸ ተረት።

ሜዳ ነጭ ሴራሚክ ሲሆን ጉዳቱ ያን ያህል አይታወቅም። አበባ ያለው ሲሆን ግን ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው የተቆረጠው ላይ ነው። በቁጥር እንየው። ግድግዳው 2 ሜትር ከ50፣ ሴራሚኩ 20 በ20፣ መገጣጠሚያው 3 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ከግራ ጥግ በሙሉ ከተነሳችሁ 12 ሙሉ ይገባና ቀኝ ጥግ ላይ 6 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይቀራል፤ የአበባ ጆሮ እንደማለት። መሃሉን ለክታችሁ ቱምቢ ጣሉና የመጀመሪያውን ሴራሚክ ወገቡን ክሩ ላይ አሳርፉት። ግራና ቀኝ አምስት አምስት ሙሉ ይሄዳል፣ ሁለቱም ጥግ ላይ እኩል 13 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። እናቶቻችን ሰፌድ ሲሰፉ ከመሃል ጀምረው ነው ወደ ዳር የሚወጡት፤ ግድግዳም እንደዚያው ነው።

አራት ሴራሚክ ተገጥሞ አንድ አበባ የሚወጣው ከሆነስ? ያኔ ክሩ ላይ የሚያርፈው መገጣጠሚያው ነው። በዚሁ ግድግዳ አምስት ሙሉ አበባ ጎን ለጎን ይገባል፤ በግራና በቀኝ የሚተርፈውን 23 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከትልቅ ሜዳ ሴራሚክ ቆርጦ መሙላት ነው። እኔ በበኩሌ ይህን አሠራር እመርጣለሁ፤ አንድም አበባ አይቆረጥም።

«አበባው የግድግዳውን ጠማማነት ይደብቃል።» እውነቱ ግልባጩ ነው። ቀጥ ያለ መስመር አጠገቡ ያለውን ጠማማ ሁሉ ያሳብቃል። ስለዚህ ግድግዳው ቀድሞ ይስተካከል። ከተማችን ኮሶበር ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት፣ ክረምቷ የበረታ ናት፤ የእንጨትና የጭቃ ቤትም ሞልቷል። የጭቃ ልስን እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በቀጥታ የተለጠፈበትን ሴራሚክም ይዞት ይወርዳል። የሽቦ መረብ ተመትቶበት በሲሚንቶ ይለሰን፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ በውሃ ልክ ይፈተሽ። በክረምት መድረቁ ስለሚዘገይ መቸኮል አያዋጣም።

«ካሬውን ለክቶ ልኩን መግዛት ነው።» አይበቃም። ባለ አበባ ሴራሚክ ሲቆረጥ ብዙ ይባክናል፤ ከ10 እስከ 15 በመቶ ጨምሩ። ከባሕር ዳር ገዝታችሁ ሁለት ሦስት ቢጎድል፣ እዚያ ለመመለስ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። ደርሳችሁ ያንኑ ዓይነት ብታገኙ እንኳ የምርት ቁጥሩ ከተለየ ቀለሙ ሊለይ ይችላል። ካርቶኖቹ ላይ የታተመው ቁጥር አንድ መሆኑን እዚያው ሱቁ ውስጥ አመሳክሩ።

«ባለሙያው ያውቅበታል፤ ቀድሞ መደርደር ጊዜ ማባከን ነው።» ጎበዝ የሚባለው ባለሙያ ራሱ ሳይደረድር አይጀምርም። የግድግዳውን ልክ ወለሉ ላይ በጠመኔ አስምሩ፣ ሶኬቱና የቧንቧው መውጫ የሚያርፉበትንም ምልክት አድርጉ። ከዚያ ሴራሚኩን ያለ ማጣበቂያ ደርድሩት። የብዙዎቹ ጀርባ ላይ ቀስት አለ፤ የሁሉም ቀስት ወደ አንድ ወገን ይዙር፣ አራቱ አንድ አበባ የሚሠሩት ካልሆኑ በስተቀር። እነሱን እንደ አበባው አዙሩ። ሶኬቱ አበባው እምብርት ላይ ከወደቀ አሁኑኑ ረድፉን ማንሳት ወይም ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ሲያምር በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ጀርባቸው ላይ በእርሳስ ተራ ቁጥር ጻፉ። ማጣበቂያው የሚበጠበጠው ከዚህ በኋላ ነው።