የሬድ ቡል «ጉልበት» ከወዴት ይመጣል?

ሬድ ቡልን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጎነጭ ሰው አስቀድሞ የሚሰማው ጣፋጭነቱ ነው። ወዲያው ምላስን ቆንጠጥ የሚያደርግ ኮምጣጣነት ይከተላል፤ በመጨረሻም የሳል ሽሮፕን የሚያስታውስ ምሬት በጉሮሮ ይቀራል። ለዚህ ጸሐፊ ምላስ መጠጡ እምብዛም የሚወደድ አይደለም። ይሁን እንጂ ጣዕሙ የራሱ ሥራ አለው። ካፌይን በተፈጥሮው መራራ ነው፤ በአንድ የ250 ሚሊ ሊትር ጣሳ ውስጥ የሚገኘው 27 ግራም ያህል ስኳር (ከስድስት የሻይ ማንኪያ በላይ መሆኑ ነው) ከሲትሪክ አሲድ ጋር ሆኖ ምሬቱን ይሸፍነዋል። ትኩስ ቡና ፉት እየተባለ በዝግታ ይጠጣል፤ ቀዝቃዛና ጣፋጭ መጠጥ ግን ሳይታወቅ ያልቃል።

መጠጡ መነሻው ታይላንድ ነው። በዚያ «ክራቲንግ ዴንግ» የሚባለውን መጠጥ ኦስትሪያዊው ነጋዴ ዲትሪክ ማትሺትዝ ከታይላንዳዊው ቻሌዮ ዩቪድያ ጋር በመሆን ጋዝ ጨምሮበት እ.ኤ.አ. በ1987 በኦስትሪያ ለገበያ አቀረበው።

ብዙ የሚወራለት ንጥረ ነገር ታውሪን ነው። እ.ኤ.አ. በ1827 ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየው ከበሬ ሐሞት በመሆኑ ስያሜውን ያገኘው በሬ ከሚለው የላቲን ቃል ነው። «ከኮርማ አካል የተቀዳ ነው» የሚለው ወሬም ከዚሁ ሳይመነጭ አልቀረም። በመጠጡ ውስጥ ያለው ታውሪን ግን በፋብሪካ የሚቀመም ነው፤ ስለ ጾም ለሚጠይቁም መልሱ ይኸው ነው። የሰው አካልም ራሱ ታውሪን ይሠራል።

እንግዲያው የሚያነቃው ማን ነው? በአመዛኙ ካፌይን ነው፤ ጀርመናዊው ኬሚስት ሩንገ እ.ኤ.አ. በ1819 ከቡና ፍሬ ያወጣው፣ በጀበናችን ውስጥ የሚገኘው ያው ካፌይን። አንጎል ነቅቶ በሠራ ቁጥር አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ ይህም በነርቭ ሕዋሳት ላይ ከሚገኙ ተቀባዮች ጋር ሲጣበቅ ድካም ይሰማናል። ካፌይን ቅርጹ አዴኖሲንን ስለሚመስል ተቀባዩ ላይ ይቀመጣል፤ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ እንደማይዞር ቁልፍ ማለት ነው። ድካሙ አልጠፋም፤ መልእክቱ ብቻ ታገደ። ካፌይኑ ሲለቅ የተጠራቀመው አዴኖሲን ቦታውን ይይዛል፤ እንቅልፉም በአንድ ጊዜ ይጫናል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ጣሳ 80 ሚሊ ግራም ካፌይን ይዟል። በአካላችን ውስጥ ግማሹ ለመወገድ በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ከሰው ሰው ግን በእጅጉ ይለያያል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የጠጣ ተማሪ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ 40፣ ፈተናው ሊጀመር በሚችልበት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ደግሞ 20 ሚሊ ግራም በደሙ ውስጥ ይዞ ይገኛል። በዚያች ሌሊት ቢተኛ እንኳ ጥልቁ እንቅልፍ ይሳሳል፤ ያጠናው ትምህርት በአንጎሉ የሚጸናው ደግሞ በእንቅልፍ ነው።

የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምገማ ጤናማ ለሆነ አዋቂ በቀን እስከ 400፣ በአንድ ጊዜ እስከ 200 ሚሊ ግራም ካፌይን አያሰጋም ብሏል። ለታዳጊዎች መነሻ ያደረገው በኪሎ ክብደት 3 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ 50 ኪሎ ለሚመዝን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የቀኑ መጠን 150 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ሁለት ጣሳ 160 ነው፤ በጠዋት የተጠጣው ቡና ገና አልተቆጠረም። ስኳር አልባው ዓይነት የሚቀንሰው ስኳሩን እንጂ ካፌይኑን አይደለም። ከአልኮል ጋር ሲቀላቀል ደግሞ የስካሩን ስሜት ይደብቃል እንጂ በደም ውስጥ ያለውን አልኮል አይቀንስም።