ለመዳን ምን ማመን ይበቃል?

እ.ኤ.አ. በ356 ገደማ የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቆንስጣንዮስ ለአክሱሙ ንጉሥ ለዒዛናና ለወንድሙ ለሣይዛና ደብዳቤ ላከ። የጠየቃቸው ወርቅም ጦርም አልነበረም። ጳጳሳችሁ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ይመለስና ሃይማኖቱ ይመርመር አላቸው። ፍሬምናጦስ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው አባት ነው። የሾመው ቅዱስ አትናቴዎስ በዚያን ጊዜ ከመንበሩ ተሰዶ ነበር፤ መርማሪ ሊሆን የተዘጋጀው፣ በምትኩ የተሾመው ጊዮርጊስ ደግሞ ወልድ ፍጡር ነው ያለውን የአርዮስን ወገን የያዘ ነው። ደብዳቤው ለእኛ የደረሰው አትናቴዎስ ራሱ ለንጉሠ ነገሥቱ በጻፈው የመከላከያ ጽሑፍ ውስጥ ገልብጦ ስላቆየው ነው። አክሱም ጳጳሷን አሳልፋ መስጠቷን የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

ሰው ለመዳን ምን ብሎ ማመን አለበት የሚለው ክርክር እንግዲህ ከክርስትናው ጋር አብሮ ወደ አገራችን የገባ ነው። ዛሬም አልበረደም። በታክሲ ውስጥ፣ በለቅሶ ቤት፣ በአንድ ማዕድ በተቀመጠ ቤተሰብ መካከል ይነሳል። አንዱ «ድነሃል ወይ?» ይላል። ሌላው «እኔ የተጠመቅሁ፣ የቆረብሁ ክርስቲያን ነኝ» ብሎ ይመልሳል። «የት ተጽፏል? ጥቅስ አሳየኝ» ሲባል «አባቶቻችን ያስተማሩን ይህንን ነው» ይከተላል። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንቱ ከአሥር ሰው አንድ ያህል ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ግን ከ18 በመቶ አልፏል። የሊቃውንት ክርክር የነበረው እናትና ልጅን የሚያኳርፍ የቤት ጉዳይ ሆኗል።

ኒቅያ ላይ የሆነው

አርዮስ መጽሐፍ ቅዱስን የናቀ ሰው አልነበረም። እርሱና ወገኖቹ ምሳሌ 8፥22ን እና ዮሐንስ 14፥28ን እየጠቀሱ ወልድ ፍጡር ነው አሉ። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ ለተሰበሰቡት፣ በትውፊታችን ሠለስቱ ምእት ለምንላቸው 318 አባቶች ቀረበ። አትናቴዎስ እንደሚተርከው አባቶች በመጀመሪያ ያሰቡት ከመጽሐፍ በተወሰዱ ቃላት ብቻ መልስ ለመስጠት ነበር። ወልድ ከእግዚአብሔር ነው ሲባል ግን የአርዮስ ወገኖች «ሁሉም ነገር ከእግዚአብሔር ነው» ብለው በራሳቸው ፍቺ ተቀበሉት። የእግዚአብሔር ኃይል ነው ሲባልም አንበጣ እንኳ በመጽሐፍ ኃይል ተብሏል አሉ። እያንዳንዱ ጥቅስ በሁለት በኩል ተያዘ።

ስለዚህ ጉባኤው በመጽሐፍ ቃል በቃል የማይገኝ አነጋገር መረጠ፤ ወልድ በባሕርዩ ከአብ ጋር አንድ ነው አለ። ሁሉም ወዲያው ልቡ አላረፈም። የቂሣርያው አውሳብዮስ ለምን እንደፈረመ የሚያስረዳ ደብዳቤ ለምእመናኑ መጻፍ ግድ ሆኖበታል። እ.ኤ.አ. በ381 በቁስጥንጥንያ የተሟላው ጸሎተ ሃይማኖት የተወለደው ከዚህ ጭንቅ ነው። የተደነገገውም መጽሐፉን ሊጠብቅ እንጂ ሊተካ አልነበረም።

ይኸው አትናቴዎስ እ.ኤ.አ. በ367 በላከው የፋሲካ መልእክት 27ቱን የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት አንድ ሳይጨምር፣ አንድ ሳይቀንስ ዘረዘረ። በእጃችን ካሉት ሰነዶች ልክ እንዲህ አድርጎ በመዘርዘር የመጀመሪያው እርሱ ነው። ስለ ኒቅያ ሃይማኖት የተሰደደውና የመጻሕፍቱን ዝርዝር ያቆየልን አንድ ሰው ነው። «መጽሐፍ ብቻ» የሚል ወንድማችን ይህን ሊመዝነው ይገባል፤ መጽሐፉ ወደ እጁ የገባው በቤተ ክርስቲያን እጅ በኩል ነውና።

መጽሐፍ ብቻ ሲባል

የወንጌላውያኑ ስጋት ግን በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። ጌታ የሰው ወግ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ እንዳይሽር አስጠንቅቋል። ሰው ቃሉን ሳያውቅ፣ ንስሐ ሳይገባ፣ አባቱ ስላነበነበው ብቻ ሲያነበንብ ኖሮ ቢሞት ምን ይጠቅመዋል? «ሃይማኖት አያድንም፤ የሚያድነው ኢየሱስ ነው» የሚለው ንግግራቸው የሚነሳው ከዚህ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብም አጋንንት እንደሚያምኑና እንደሚንቀጠቀጡ ጽፏል፤ ትክክለኛ እውቀት ብቻውን ቢያድን ኖሮ እነርሱ በቀደሙን ነበር።

ነገር ግን የመጽሐፍ ብቻ አባት የሚባለው ማርቲን ሉተር ጸሎተ ሃይማኖትን አልጣለም። ወገኖቹ እ.ኤ.አ. በ1530 በአውግስቡርግ ያቀረቡት የእምነት መግለጫ በመጀመሪያው አንቀጹ የኒቅያን ውሳኔ ይቀበላል። ከአራት ዓመት በኋላ ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተርና ከሥራ ባልደረባው ከሜላንክቶን ጋር ስለ ሃይማኖት ተወያይቷል፤ እነርሱም የምስክርነት ደብዳቤ ጽፈውለታል። በ1951 ዓ.ም. የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስም የሐዋርያትን፣ የኒቅያንና በአትናቴዎስ ስም የሚጠራውን መግለጫ ትቀበላለች። ይህ ሦስተኛው፣ አትናቴዎስ ያልጻፈው የላቲን መግለጫ፣ ሃይማኖትን ያልያዘ አይድንም ብሎ የሚጀምር ነው።

መግለጫን ጨርሰው የተዉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1809 በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ቶማስ ካምቤል ክርስቲያኖችን የከፋፈለው ሰው ሠራሽ መግለጫ ነው፤ በመጽሐፍ ብቻ ብንቆም አንድ እንሆናለን አለ። ዓላማው ንጹሕ ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1906 የአሜሪካ መንግሥት የሃይማኖት ቆጠራ ሲወጣ የእንቅስቃሴው ልጆች በሁለት ስም ተመዘገቡ። ከለያዩአቸው ነገሮች አንዱ በአምልኮ ጊዜ የሙዚቃ መሣሪያ ይግባ አይግባ የሚለው ነበር። በእኛም አገር «ኦንሊ ጂሰስ» የሚባሉት አማኞች ያንኑ መጽሐፍ ይዘው የሥላሴን ትምህርት አይቀበሉም፤ ሌሎቹ ወንጌላውያን ደግሞ በዚህ አይተባበሯቸውም። ታዲያ ወንጌላውያኑ ድንበሩን ያሰመሩት በኒቅያ ሃይማኖት አይደለምን?

የእኛው ቁስል

መግለጫ መያዝም ቢሆን ከመለያየት አላዳነንም። ዐፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 ኢየሱሳውያን ለሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን በሰጡት መልስ ሃይማኖታቸው የኒቅያ፣ የቁስጥንጥንያና የኤፌሶን አባቶች ሃይማኖት መሆኑን በብዕር አስረዱ። ዐፄ ሱስንዮስ ግን የካቶሊክን እምነት በአዋጅ ሊያስይዙ ሞከሩ፤ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ከዚያም በክርስቶስ ባሕርይ ነገር ቅባት፣ ጸጋና ተዋሕዶ ተባብለን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተከራከርን፣ ተጋደልን። ሁሉም ወገን የሚያነበው አንድ ወንጌል፣ በቅዳሴ የሚደግመውም አንድ ጸሎተ ሃይማኖት ነበር። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ለተዋሕዶ ሲፈርድ ውሳኔው በመንግሥት ኃይል ተፈጸመ፤ የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዙ። እውነተኛ ሃይማኖት በአዋጅ ሲጫን እውነትነቱ አይቀርም፤ ማዳኑ ግን ከአዋጁ አይመጣም።

ጃንደረባው

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ሁለቱንም ወገን ያስተምራል። በሠረገላው ተቀምጦ የሚያነበው መጽሐፉን ነው፤ ኢሳይያስን። የሚያነበውን ያስተውለው እንደሆነ ፊልጶስ ሲጠይቀው የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይሆንልኛል አለ። መጽሐፉ በእጁ ነበር፤ መምህር ግን አስፈለገው። ፊልጶስም ከዚያው መጽሐፍ ተነሥቶ ኢየሱስን ሰበከለት። ወደ ውኃ ሲደርሱ ሰውየው ኢየሱስ ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ መሆኑን እንደሚያምን መሰከረ፤ ይህ ቁጥር 37 ነው። ቁጥሩ እንደ ሲና እና እንደ ቫቲካን ባሉት ጥንታውያን የግሪክ ቅጂዎች አይገኝም፤ በሁለተኛው መቶ ዘመን የነበረው ሄሬኔዎስ ግን ያውቀዋል። ብዙ አጥኚዎች በጥምቀት ጊዜ ይነገር የነበረ ምስክርነት ነው ይላሉ። ቤተ ክርስቲያን ከኒቅያ በፊትም ተጠማቂውን በማን እንደሚያምን ትጠይቀው ነበር ማለት ነው።

እኔ የምይዘው ይህን ነው። የሚያድነው ክርስቶስ ነው። ክርስቶስ ማን እንደሆነ የምናውቀው ከመጽሐፍ ነው። ስለ የትኛው ክርስቶስ እንደምንናገር በአንድ ቃል የምንመሰክረው ደግሞ በጸሎተ ሃይማኖት ነው። በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ መግለጫ አልደገመም፤ ነገር ግን አጠገቡ የሚሞተው ንጉሥ መሆኑን አወቀ፣ በመንግሥቱ እንዲያስበው ለመነ፣ ገነትንም ወረሰ። ስለዚህ ጸሎተ ሃይማኖትን ያልተማረች ነፍስ ጠፍታለች ለማለት ማንም ሥልጣን የለውም። ወንበዴውን ምክንያት አድርጎ የሚያስተምረውን እምነት በግልጽ ከመናገር የሚሸሽ ማኅበር ግን ምእመናኑን ለሚነጥቃቸው መምህር ሁሉ አሳልፎ ይሰጣል።

ስለዚህ ሁለቱም ወገን የሚሠራው አለው። ሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን ጸሎተ ሃይማኖትን ከማስደገም አልፈው እያንዳንዱን ሐረግ ከጥቅሱ ጋር ያስተምሩ፤ ሕፃኑ «የት ተጽፏል?» ሲባል በቁጣ ሳይሆን መጽሐፉን ገልጦ ይመልስ። የወንጌላውያን መጋቢዎችም በመተዳደሪያ ደንባቸው የተጻፈውን የእምነት አቋም ለጉባኤው ጮክ ብለው ያንብቡ፤ ከየትኞቹ አባቶች እንደወረሱትም ይንገሩ። ያኔ እናትና ልጅ የሚከራከሩት በሚያውቁት ነገር ላይ ይሆናል፤ አብዛኛውንም በጋራ እንደሚያምኑት ያገኙታል።